መነጽር ለሚያደርጉ የሞተር ብስክሌት ነጂዎች የሚስማማውን የራስ ቁር ስለ መምረጥ

የግብርና ሥራ በጽሕፈት ቤት ተቀምጦ በሚጻፍ ትእዛዝ ብቻ የሚፈጸም አይደለም። ገብሱን ዋግ መትቶት እንደ ሆነ የሚያይ፥ የታመመውን በግ የሚመረምር፥ የበልጉን ዘር ወራቱ ሳያልፍ ለገበሬው የሚያደርስ ሰው በየቀበሌው መገኘት አለበት። በመንዝ፥ በግሼና በመርሐ ቤቴ ይህን ሰው ወደ ሥራው ታደርሰው የነበረችው በቅሎ ናት፤ ዛሬ ግን ሞተር ብስክሌት በብዙ ስፍራ ተተክቶባታል። በቅሎ ገደሉን በራሷ ዐይን አይታ ትሸሻለች፤ ሞተር ብስክሌት ግን የሚያየው በነጂው ዐይን ብቻ ነው። የነጂው ዐይን ደግሞ በመነጽር የሚረዳ ከሆነ፥ መነጽሩ እንደ መሪውና እንደ ፍሬኑ የጉዞው መሣሪያ ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ ለወረዳ አስተዳዳሪዎች፥ ለጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፥ በገዛ ገንዘባቸውም ሞተር ብስክሌት ለሚገዙ ባለይዞታዎች የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው፤ መነጽር ለሚያደርግ ነጂ የሚገዛው የራስ ቁር፥ በተለምዶ ሄልሜት የሚባለው፥ አገጩ ወደ ላይ የሚከፈት፥ በሚገባ የተፈተነና በነጂው ራስ ልክ የተመረጠ ይሁን።

የራስ ቁር እንደ ትርፍ ዕቃ ተቈጥሮ በአንድ ልክ በጅምላ ሲገዛ፥ መነጽር ያለው ሠራተኛ ከሁለት ክፉ ነገር አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል። ወይ መነጽሩን በኪሱ ከትቶ መንገዱ እየደበዘዘበት ይነዳል፤ ወይም ቁሩን በመሪው ላይ አንጠልጥሎ ባዶ ራሱን ይሄዳል። በመዝገብ ላይ ቁሩ ተገዝቶ ታድሏል፤ ራሱ ግን አልተጠበቀም። በዚህ ጊዜ ወቀሳው በሠራተኛው ላይ ብቻ ሊወድቅ አይገባም፤ የማይደፋ ቁር የገዛው ሰውም ተካፋይ ነው።

የራስ ቁር ጥቅም በምርመራ የተረጋገጠ ነው። በዐረብ አገር ዘመቻ ስሙ የታወቀው እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሎውረንስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1935 ዓ.ም. ባዶ ራሱን ሞተር ብስክሌት ሲነዳ ወድቆ በሞተ ጊዜ፥ ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ ሂዩ ኬርንስ ነበር። ይህ ሐኪም ነገሩን አጥብቆ ሲመረምር ቆይቶ በ1941 ዓ.ም. የሞተር ብስክሌት ነጂዎችን የራስ ጉዳት የሚገልጽ ጽሑፍ አወጣ፤ በዚያው ዓመትም የእንግሊዝ ጦር በሞተር ብስክሌት የሚሄዱ ወታደሮቹ የራስ ቁር እንዲደፉ አዘዘ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ብዙ ጥናቶች በአንድነት ሲመዘኑ፥ የራስ ቁር አደጋ የደረሰበትን ነጂ የመሞት ዕድል 42 ከመቶ፥ የራስ ጉዳቱንም 69 ከመቶ ያህል እንደሚቀንስ ተገልጧል።

በገበያ የሚገኘው ቁር በሦስት ይከፈላል። አንደኛው ፊቱ ክፍት የሆነው ነው፤ ለመነጽር ይመቻል፥ ዋጋውም ይቀላል፤ ነገር ግን አገጭን አይጠብቅም። በጀርመን አገር በ1991 ዓ.ም. በወጣ ጥናት በቁር ላይ ከታዩት ምቶች ከሦስቱ አንዱ ያህል በአገጭ አካባቢ ተገኝቷል፤ ስለዚህ በዚህ መርካት አይገባም። ሁለተኛው ፊትን ሁሉ ሳይከፈት የሚሸፍነው ነው፤ ጽኑ ነው፥ መነጽር ለሌለውም መልካም ምርጫ ነው። መነጽር ያለው ግን በደፋና ባወለቀ ቍጥር አስቀድሞ መነጽሩን ማውለቅ፥ ኋላም በጠባቡ መስኮት በኩል መልሶ መሰካት ግድ ይሆንበታል። በቀን ዐሥር ጊዜ ከሞተሩ ወርዶ ገበሬ ለሚያነጋግር ሰው ይህ አሰልቺ ነው፤ ያሰለቸ ነገርም ወዲያው ይተዋል። ሦስተኛው አገጩ የሚከፈተው ነው፤ ሲደፉት ሰፊ ነው፥ ሲዘጉት ፊትን ሁሉ ይጠብቃል። በማጠፊያው ምክንያት ክብደቱና ዋጋው ጥቂት ይበልጣል፤ ነገር ግን ከራስ ላይ የማይለይ ቁር በመሪ ላይ ከተንጠለጠለ ቀላል ቁር ይሻላል።

ገዢው በመጀመሪያ ማኅተሙን ይመልከት። በተባበሩት መንግሥታት 22ኛ ደንብ የተፈተነ ቁር በአገጭ ማሰሪያው ላይ በተሰፋ ጨርቅ፥ በክብ ውስጥ የተጻፈ «ኢ» የተባለ የላቲን ፊደልና የአገር ቍጥር አለበት። የፈቃዱ ቍጥር በ06 ቢጀምር ከ2021 ዓ.ም. ወዲህ በጸናው ማሻሻያ የተፈተነ ነው። ከቍጥሩ ቀጥሎ «ፒ» ቢኖር አገጩ ሲዘጋ ይጠብቃል፤ «ፒ» እና «ጄ» በአንድነት ቢኖሩ ተከፍቶም ተዘግቶም ተፈትኗል፤ «ኤንፒ» የሚል ቢሆን ግን አገጩ ጠባቂ አይደለምና አይገዛ። ማኅተሙ ምንም ቢሆን በጉዞ ላይ አገጩን ዘግቶ መንዳት ይገባል።

ሁለተኛው የልክ ነገር ነው። የራሱ ዙሪያ ከቅንድብ በላይ በሜትር ይለካ፤ ቁሩም ከነመነጽሩ ሩብ ሰዓት ያህል ተደፍቶ ይሞከር። የመነጽሩ ክንድ ጆሮ ግንድን ከተጫነ፥ ራስ ምታቱ ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ ይጀምራል። የጕንጩ ስፖንጅ ለመነጽር ክንድ መግቢያ የተበጀለት ቢሆን ይመረጣል። ክንዱ ቀጥና ቀጭን፥ ሌንሱም ከማይሰበር ፕላስቲክ የሆነ መነጽር ከብርጭቆው ይልቅ ይስማማል።

ሦስተኛው የአገሩ አየር ነው። ከጣርማ በር በሞላሌ ወደ መሐል ሜዳ የሚሄድ፥ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ባለው በጓሳ በኩልም ወደ ግሼ የሚዘልቅ ነጂ ብርድና ጉም ያገኘዋል፤ ከጀማ ሸለቆ ሙቀት ወደ ዓለም ከተማ የሚወጣውም የአየር ለውጥ ያጋጥመዋል። የሞቀ ትንፋሽ የቀዘቀዘ መስተዋት ሲነካ ወደ ውሃ ተለውጦ ዐይንን ይጋርዳል። ፒንሎክ የተባለው ከፊት መስተዋቱ በስተ ውስጥ የሚገባ ሁለተኛ ሽፋን መስተዋቱን ከጉም ይጠብቃል፤ መነጽሩን ግን አይጠብቅም። ለመነጽሩ የሚረዳው ትንፋሽን ወደ ታች የሚመልስ የአፍንጫ መከላከያና የሚሠራ የአየር ማስገቢያ ነው። የበርኖስ ቆብ ወይም ወፍራም ሻሽ ከቁሩ ሥር መደረብ ልኩን ያበላሻልና አይገባም።

ዋጋው በዛ የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ነገር ግን ይህን ቁር ለሁሉ ግዙ አላልንም፤ መነጽር ላለው ብቻ ነው። ሠራተኛን ለማስተማር የወጣው ገንዘብና ዓመት፥ ከእርሱም ምክር የሚጠብቀው ገበሬ ጉዳት በአንድ ወገን፥ የአንድ ቁር ዋጋ ልዩነት በሌላ ወገን ቢመዘን ሚዛኑ ወዴት እንደሚያደላ ግልጽ ነው።

ስለዚህ ግዢ ከመታዘዙ በፊት የነጂዎች ስም፥ የራሳቸው ልክና መነጽር ማድረግ አለማድረጋቸው በአንድ ወረቀት ተመዝግቦ ከትእዛዙ ጋራ እንዲያያዝ፥ በብርቱ የተመታ ቁርም ስንጥቅ ባይታይበት እንኳ እንዲለወጥ እናሳስባለን። ይህ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ሹም ሠራተኛውን ወደ ገደልና ወደ ጉም ሲልከው፥ አይቶ እንዲሄድና በደኅና እንዲመለስ ማድረግም ከትእዛዙ የማይለይ ግዴታው ነው።