ሜሞሪ በሞላ ቁጥር ሪስታርት ለምታደርጉ

የዲኤንኤስ ሰርቨር ለምታስተዳድሩ የኔትወርክ ባለሙያዎችና ሥራውን ለምትመሩ ኃላፊዎች፦

ሰርቨሩ ሜሞሪው ሞልቶ ሲቆም ሪስታርት ይደረጋል፤ ከደጋገመው ራም ይጨመርለታል፤ ሲብስበት ሌሊት ሌሊት አጥፍቶ የሚያስነሳው ስክሪፕት ይጻፍና ጉዳዩ ይዘጋል። ይህ አሠራር የሜሞሪን ማለቅ እንደ አቅም ማነስ ብቻ ያያል። የዲኤንኤስ ሰርቨር ሶፍትዌሩ የባይንድ ታሪክ ግን ቀዳዳው ሶፍትዌሩ ውስጥ የተገኘባቸውን ጊዜያት ደጋግሞ ያሳየናል።

እ.ኤ.አ. በማርች 2013 የባይንድ አዘጋጅ የሆነው አይኤስሲ ይፋ ያደረገውን ችግር ተመልከቱ። ባይንድ ሬጉላር ኤክስፕሬሽን የሚያስተናግድበት ኮድ ጉድለት ስለነበረበት፣ ሆን ተብሎ የተዘጋጀ መዝገብ የማሽኑን ሜሞሪ ሙልጭ አድርጎ ሊያስጨርሰው ይችል ነበር። ራም መጨመር ውድቀቱን ከማዘግየት አያልፍም፤ በዚያው ማሽን ላይ ያለ የኢሜይል አገልግሎትም አብሮ ይታመማል። ጊዜያዊ መፍትሔው በኮንፊግ ነጥብ ኤች ፋይል ውስጥ አንዲት መስመር አጥፍቶ ሶፍትዌሩን እንደገና ኮምፓይል ማድረግ ነበር። በባይንድ 9.7 ስሪት ላይ የቀሩ ሰዎች ድጋፉ ስላበቃ እርማት እንኳ አልወጣላቸውም። ማስታወቂያውን ያነበበ አንድ ባለሙያ ደግሞ የሚሠራ ጥቃት ለማዘጋጀት አሥር ደቂቃ ያህል ብቻ እንደፈጀበት ተናግሯል።

በሴፕቴምበር 2022 የተገለጸው ደግሞ ለሌሊቱ ስክሪፕት የተሠራ ይመስላል፦ የተበላሸ የዲኤንኤስሴክ ፊርማ በመጣ ቁጥር ጥቂት ሜሞሪ ይፈስሳል፣ ቀስ በቀስም ሰርቨሩ ይወድቃል። በየሌሊቱ የሚነሳ ሰርቨር ይህን ፍሳሽ ለዓመታት ሊሸሽግ ይችላል። በጁን 2023 የታወቀው ቀዳዳ ግን የካሼ ጣሪያው ራሱ እንዲጣስ የሚያደርግ ነበር። ጣሪያው ካልተቀየረ የማሽኑ ሜሞሪ 90 በመቶ ነው፤ ራም ስትጨምሩ እሱም አብሮ ያድጋል።

«ደንበኛ ስላደገ እንጂ ጥቃት አይደለም» የሚል ይኖራል። ሊሆን ይችላል፤ ታዲያ ይመርመር። የጥያቄው ብዛት ባለበት ቆሞ የሜሞሪ አጠቃቀም ብቻ ከጨመረ ዕድገት ነው ማለት ያዳግታል። «የምናስተናግደው የራሳችንን ደንበኞች ብቻ ነው» ማለትም አያዋጣም፤ በቫይረስ የተያዘ የደንበኛ ኮምፒውተርም የተፈቀደለት ጠያቂ ነው። ከሁሉም የሚከብደው «አገልግሎት አቋርጠን አናሻሽልም» የሚለው ነው። ነገር ግን ዲኤንኤስ ከአንድ በላይ ሰርቨር እንዲኖረው ተደርጎ የተነደፈ ነው፤ አንዱ እየሠራ ሌላው ይሻሻላል። ሁለተኛ ሰርቨር የሌለው መሥሪያ ቤት ችግሩ ከማሻሻያው አይደለም። ሪስታርቱስ ቢሆን መች ነጻ ነው? ካሼውን ባዶ ያደርጋል፣ ማስረጃውንም ይዞ ይጠፋል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ሰርቨሩ ሲንገዳገድ፣ ከማስነሳታችሁ በፊት ሎጉንና የሜሞሪውን መጠን አስቀምጡ፤ የምትጠቀሙበትን ስሪት ከአይኤስሲ የደኅንነት ማስታወቂያዎች ጋር አመሳክሩ። እናንተም ኃላፊዎች፣ ምክንያቱ ያልተጻፈበትን ሪፖርት አትፈርሙ።