ጠላቂውን የሚያድነው ባለጀልባው ነው

የሉል ነጋዴ፣ የጦር መሣሪያ ኮንትሮባንዲስትና ደራሲ የነበረው ፈረንሳዊው አንሪ ደ ሞንፍሬድ በድሬዳዋ የዱቄት ፋብሪካና የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1911 ወደዚህ አካባቢ ሲመጣ ሥራው የቡናና የቆዳ ንግድ ነበር። በኋላ ጀልባ ይዞ ወደ ቀይ ባሕር ወረደና ከሉል አውጪዎች ጋር ዋለ። ደቻቱ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ለማለት ይቻላል አሸዋ ሆኖ የሚከርምበት የድሬ ሰው ስለ ባሕር ጠላቂ ሲወራ «እኛን ምን አገባን» ቢል፣ በዚህ ሰውዬ ምክንያት ብቻ እንኳ ክርክሩን ይረታል ብዬ አላምንም።

በዚያ ዘመን ሉል ፈላጊው የሚጠልቀው ያለ አየር ሲሊንደር ነበር። ወደ ታች የሚያወርደው ድንጋይ ነው፤ ወደ ላይ የሚያወጣው ደግሞ ጀልባው ላይ ገመድ ይዞ የቆመ ሰው። ጠላቂው ገመዱን ሲነቀንቅ ያኛው ይጎትታል። ሥራው ዕዳና ብዝበዛ የሞላበት ስለነበር ላሞካሸው አልፈልግም። ነገር ግን ከላይ ያለው ሰው ከታች ሰው መኖሩን በእጁ ያውቅ ነበር፤ ዛሬ የጠፋው ይህ ነው። ስኩባ ለባሹ አየሩን በጀርባው ተሸክሞ ከገመድ ነፃ ወጣ። በአጠገቡ የሚያልፈው የሞተር ጀልባ ነጂ ግን ከእሱ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

የጠላቂ ደኅንነት ትምህርት ግን አሁንም የሚሰጠው በአብዛኛው ለጠላቂው ነው። ኮርስ ይወስዳል፣ ይፈተናል፣ የምስክር ወረቀት ይይዛል። ጀልባ ነጂው ብዙ ቦታ ላይ ሞተር ማስነሳትና ማዞር ካወቀ ነጂ ነው። ይህ የተገለበጠ አሠራር ነው። አደጋውን የሚያደርሰው መሣሪያ በእጁ ያለው ሰው ቀድሞ መማር አለበት።

ከእኛ የሚቀርበው ማስረጃ ባቡሩ በሚወርድበት በጅቡቲ በኩል ይገኛል። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ አርታ በሚባለው የባሕር ዳርቻ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ገደማ ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ ይሰበሰባል። አብዛኞቹ ገና ያላደጉ ናቸው፤ ቢሆንም ርዝመታቸው በአማካይ ከሦስት ሜትር ያልፋል። ጎብኚዎችም አብረዋቸው ለመዋኘት በሞተር ጀልባ ይጎርፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት እዚያ ከተመዘገቡት ዓሦች ከግማሽ የሚበልጡት የጀልባና የፕሮፔለር ጠባሳ እንዳለባቸው አሳይቷል። ይህን ቁጥር ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ሰው ገንዘብ ከፍሎ ሊያየው የመጣውን፣ ጀርባው በነጭ ነጠብጣብ ያጌጠውን፣ ከውኃው ወለል ጥቂት ዝቅ ብሎ በዝግታ የሚሄደውን ፍጡር ጀልባ ከመታው፣ ከማዕበል መሀል ብቅ የሚል የሰው ጭንቅላት ምን ተስፋ አለው?

«ጠላቂው ሞተር ሲሰማ ለምን አይሸሽም?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። የውኃ ውስጥ ተፈጥሮ መልሱን ይሰጣል። ድምፅ በውኃ ውስጥ በአየር ውስጥ ካለው ፍጥነት ከአራት እጥፍ በላይ ይጓዛል። ስለዚህ ሁለቱ ጆሮዎች የሚደርሳቸውን የጊዜ ልዩነት ለይተው አቅጣጫውን መናገር ይሳናቸዋል። ሞተሩ ይሰማል፤ ከየት እንደሚመጣ ግን አይታወቅም። መውጣትም በፍላጎት ብቻ አይሆንም። በግፊት ብዛት በደሙ የሟሟው ናይትሮጅን አረፋ ሆኖ እንዳይጎዳው ጠላቂው በደቂቃ ከ9 ሜትር ባልበለጠ ፍጥነት ይወጣል፤ 5 ሜትር ላይ ሲደርስም ሦስት ደቂቃ ያህል ይቆማል። አየሩ ሲያልቅ ደግሞ መቆየት አይችልም፤ ሞተር ኖረም አልኖረም ይወጣል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ጀልባ 100 ሜትርን በ9 ሰከንድ ይጨርሳል። አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀስሮ የሚሮጥ ጀልባ ነጂ፣ ፀሐይ በውኃው ላይ ስታንጸባርቅበት፣ ከፊቱ ያለውን ውኃ በቅጡ አያይም። ከሁለቱ ፍጥነት መቀነስ የሚችለው እሱ ብቻ ነው።

ምልክትማ አለ። በቀይ መደብ ላይ ነጭ ሰያፍ መስመር ያለው ባንዲራ «እዚህ ጠላቂ አለ» ማለት ነው። በዓለም አቀፉ የመርከቦች ምልክት ደግሞ ነጭና ሰማያዊው ባንዲራ ይውለበለባል። በአሜሪካዋ የፍሎሪዳ ግዛት ሕግ ጀልባ ነጂ ከጠላቂ ባንዲራ በክፍት ውኃ 90 ሜትር ያህል፣ በወንዝና በጠባብ መተላለፊያ 30 ሜትር ያህል ለመራቅ መጣር አለበት፤ ከዚያ ውስጥ ከገባም በዝቅተኛ ፍጥነት ብቻ ይነዳል። ያልተማረ ሰው ግን ቀይና ነጩን ጨርቅ የሆቴል ማስጌጫ ወይም የኳስ ክለብ አርማ ቢያደርገው አይፈረድበትም።

ድሬዳዋ ይህን ከማንም በላይ ልትረዳው ይገባል፤ ባቡር ያቆማት ከተማ ናትና። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲደርስ የባንዲራና የመብራት ምልክትም አብሮት ደረሰ። ቀዩ ምልክት ባቡሩን የሚያቆመው ቀይ ስለሆነ አይደለም፤ ነጂው ምልክቱን ሳያውቅ ባቡር ስለማይሰጠው ነው። ሐዲድ የሚሻገረው ሰው ይጠንቀቅ መባሉ አልቀረም፤ ዋናው ሸክም ያረፈው ግን ከባድ መሣሪያ በሚነዳው ላይ ነው።

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደረሰው ጎርፍም በሌላ መንገድ ይህንኑ ያሳያል። ደቻቱ ሲሞላ ዝናቡ የጣለው በዋናነት ከተማዋ ላይ ሳይሆን በላይኛው የሐረርጌ ደጋ ነበር፤ ከ250 በላይ ሰዎች አለቁ። በወንዙ ዳር የተኛው ሰው ምንም ቢጠነቀቅ የማያየው ነገር ነበር የመጣበት። ከዚያ በኋላ ግንብ ተሠራ፣ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥራም ተጀመረ፤ ከላይ ያለው ለታችኛው ይንገር ማለት ነው። ጥፋተኛውን ከታች ካለው መፈለግ ቀላል ነው፤ ሞት ግን አይቀንስም።

በእርግጥ ጠላቂዎችም ወቀሳ አያጡም። ሰው ውኃ ውስጥ ሳይኖር ባንዲራውን ቀኑን ሙሉ ሰቅለው የሚተዉ አሉ። ነጂው አሥር ጊዜ ባዶ ባንዲራ ካለፈ በኋላ አሥራ አንደኛውን አያምንም። ከባንዲራው ርቀው የሚወጡም አሉ፤ ፍሎሪዳ እነሱንም በዚያው ርቀት ውስጥ እንዲቆዩ ማስገደዷ ትክክል ነው።

«ይህ የባሕር ነገር ነው» ለሚል ወደ ሐይቆቻችን ማየት ይበቃል። በላንጋኖ ቡናማ ውኃ ውስጥ የጠለቀ ዋናተኛ ክንድ ያህል ዝቅ ካለ አይታይም፤ በዚያው ዳርቻ ግን የሞተር ጀልባ አለ። በጣና የደንገል ታንኳ ከውኃው ብዙም ከፍ ሳይል ከመንገደኛ ጀልባዎች ጋር አንድ መንገድ ይጋራል። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ጠላቂ ዋናተኞች የሰመጠ ሰው ፍለጋ ሲወርዱ የሚታየው ከላይ አረፋ ብቻ ነው። እዚያ መሀል በጉጉት የሚጠጋ ጀልባ ቢኖር ሊረዳ የመጣ ይመስለዋል።

ትምህርቱ ረጅም መሆን የለበትም፤ በራሪ ወረቀትም አያስፈልገውም፤ የሚያነበው የለም። ባለጀልባ ሙያውን የሚማረው ከቀደመው ባለጀልባ ነው፤ ስለዚህ የየማኅበራቱን አንጋፎች ማስተማር ይበልጥ ያዋጣል። ባንዲራ ካያችሁ ራቁ፤ መራቅ ካልተቻለ እንደ እግረኛ ሂዱ። አረፋ ካያችሁ አትከተሉት። ሰው ሲወርድና ሲሳፈር ሞተር ይጥፋ፤ ማርሽ ማላቀቅ ብቻ አይበቃም። ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት ወደ ኋላ ዞራችሁ ውኃውን እዩ። ፕሮፔለሩን በብረት ቀፎ መሸፈን መቁረጡን ይቀንሳል፤ የጀልባውን ምት ግን አያስቀርም። ስለዚህ በነጂው ቦታ የሚተካ ዕቃ አድርጌ አላየውም።

በጅቡቲ ይህ ትምህርት በአፋርኛ፣ በሶማሊኛና በዐረብኛ፣ በጥቅምት ወር፣ ዓሦቹና ጎብኚዎቹ ሳይደርሱ መሰጠት ይኖርበታል። በሐይቆቻችንም ከፋሲካ በፊት፣ የዕረፍት ሰሞን ጀልባዎቹን ከማጨናነቁ ቀደም ብሎ ነው።