በረዶው የማን ነው?

ወላጆቻችሁን «በረዶ ሲባል መጀመሪያ ምን ትዝ ይላችኋል?» ብላችሁ ጠይቋቸው። አዲስ አበባ ወይም ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ትዝ የሚለው በክረምት ከዝናብ ጋር ወርዶ የቆርቆሮ ጣሪያ የሚደበድበው ጠጣር በረዶ ነው። ኮሎራዶ ያደጋችሁት እናንተ ግን የምታስቡት ሌሊቱን ያለ ድምፅ ወርዶ ጠዋት መኪናውን ሸፍኖ የሚጠብቃችሁን ነው። ቃሉ አንድ ነው፤ ነገሩ ግን ሁለት ነው። ለወላጅ በረዶ የሚሸሹት ነገር ነው፤ ለልጅ ደግሞ የሚጫወቱበት።

ዘንድሮ ይህ ልዩነት እኛም ቤት ገባ። የእህቴ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። የስኪ ውድድር ቡድን ውስጥ ለመግባት ጠየቀች። እሁድ ሃቫና ስትሪት ላይ ምሳ በልተን ቡና ስንጠጣ ነገሩ ተነሣ። እናቴ «የኔ ልጅ፣ አጥንት ለመስበር ደግሞ ገንዘብ ይከፈላል?» አለቻት። ሁላችንም ሳቅን። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ወደ እኔ ዞር ብላ «ጋሼ፣ ከእኛ ሰዎች ስኪ የሚወዳደር አለ?» አለችኝ። የዚህ ሳምንት ጽሑፌ ለእሷ ጥያቄ መልስ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ስለ ቦታው ላውራ። የዓለም የአልፓይን ስኪ ሻምፒዮና የተጀመረው በ1931 ስዊዘርላንድ ውስጥ ነው። ከአውሮፓ ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው በ1950 ሲሆን፣ ያስተናገደችው የኛዋ የኮሎራዶ ከተማ አስፐን ናት። ከዚያም በ1989፣ በ1999 እና በ2015 ሻምፒዮናው ወደ ቬይልና አካባቢው መጣ። ቬይል ከዴንቨር ወደ 100 ማይል ያህል ነው። በ2015 የሴቶችን ስላሎም ያሸነፈችው ሚካኤላ ሺፍሪን የተወለደችው እዚያው ቬይል ነው፤ ያኔ ዕድሜዋ 19 ነበር። የዓለም ሻምፒዮናው እኛ ቡና ከምንጠጣበት ቦታ የሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ነበር ማለት ነው።

ከፍታውም ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ 1,609 ሜትር ላይ ናት። አዲስ አበባ ግን ወደ 2,400 ሜትር ትጠጋለች፤ ከቬይል ከተማ ብዙም አታንስም። ራስ ዳሽን ደግሞ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። እኛ የደጋ ሰዎች ነን። የጎደለን በረዶው እንጂ ተራራው አይደለም።

አልፓይን ስኪ ከተራራ ወደ ታች የሚወረድበት ውድድር ነው። በዳውንሂል ተወዳዳሪው በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይፈጥናል። በስላሎም ደግሞ እንደ በር በተተከሉ ምሰሶዎች መካከል እየተጠማዘዘ ይወርዳል። አንድ በር ከሳተ ከውድድሩ ይወጣል። ስላሎም ሁለት ዙር አለው፤ የሁለቱ ዙር ሰዓት ይደመራል። አሸናፊው የሚለየው በሰከንድ መቶኛ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ። አዎ፣ ከእኛ ሰዎች አለ። ሮቤል ተክለማርያም በ1974 አዲስ አበባ ተወለደ፤ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ መጣ፤ ስኪም እዚህ ተማረ። ሮቤል የተወዳደረው በአልፓይን ሳይሆን በአገር አቋራጭ ስኪ ነው። አገር አቋራጭ ሩጫን ታውቃላችሁ፤ ይህም እንደዚያው ነው፤ ዳገት አለው፣ ሜዳ አለው፣ ትንፋሽ ይጠይቃል። ኢትዮጵያን ወክሎ ለመወዳደር የስኪ ፌዴሬሽን ያስፈልግ ስለነበር ራሱ አቋቋመ። አዲስ አበባ ሲሄድም ጎማ በተገጠመለት ስኪ አስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር።

በ2006 በቶሪኖ የክረምት ኦሎምፒክ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ ገባ። በክረምት ኦሎምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እሱ ነው። በ15 ኪሎ ሜትር 83ኛ ወጣ። በ2010 በቫንኩቨር እንደገና ተወዳድሮ 93ኛ ሆነ።

በአልፓይን ደግሞ ከጎረቤታችን ከኤርትራ ሻነን አበዳ አለ። የተወለደው ካናዳ ነው፤ ወላጆቹ ግን ከኤርትራ የተሰደዱ ናቸው። እንደ እናንተ የስደተኛ ልጅ ነው። በ2018 በፒዮንግቻንግ በጃይንት ስላሎም 61ኛ ወጣ። በ2022 በቤጂንግ ከባድ በረዶ እየወረደ ብዙዎች ሳይጨርሱ ቀሩ፤ እሱ ግን 39ኛ ሆኖ ጨረሰ።

«83ኛ፣ 61ኛ፣ ምኑ ይወራል?» የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ሜልቦርንን አስታውሰዋለሁ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የሄደችው በ1956 ነው፤ አንድም ሜዳሊያ አላገኘችም። ማሞ ወልዴ በ800 እና በ1,500 ሜትር ሮጦ ከማጣሪያው አላለፈም። በ1960 ግን አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን አሸነፈ። በ1968 ሜክሲኮ ላይ ያው ማሞ ወልዴ የማራቶን ወርቅ ወሰደ። ዛሬ ሩጫ የእኛ ነው እንላለን። ሩጫ የእኛ የሆነው ግን ባዶ እጃቸውን የተመለሱት ሰዎች እንደገና ስለሄዱ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚባለው ይህ ነው።

የወላጆች ስጋትም ከንቱ አይደለም። ስኪ ውድ ነው፤ አደጋም አለው። ራስ መከላከያ ቆብ ያስፈልጋል፤ አስተማሪም ያስፈልጋል። ለተማሪዎች ዋጋ የሚቀንሱ ፕሮግራሞች ስላሉ ትምህርት ቤታችሁን ጠይቁ። «ውድ ነው» ወይም «ያስፈራኛል» ማለት እውነተኛ ምክንያት ነው፤ ቁጭ ብሎ መነጋገር ይቻላል። «የእኛ አይደለም» ማለት ግን ለልጅ በሩን መዝጋት ነው። ይህን ለእህቴም ነግሬያታለሁ። ውሳኔው የእሷ ነው።

የሳምንቱ ቃላት
ደጋ፦ ከፍ ያለና ቀዝቃዛ አገር።
ዳገት፦ ወደ ላይ የሚወጣ መንገድ። ወደ ታች ሲሆን ቁልቁለት ይባላል።
መንሸራተት፦ በሚያዳልጥ ነገር ላይ መሄድ።
ማጣሪያ፦ ወደ ዋናው ውድድር የሚያልፉትን የሚለይ ውድድር።

ለመነጋገሪያ፦ ቤታችሁ ውስጥ «የእኛ አይደለም» የሚባል ነገር ምንድን ነው? አያታችሁን ወይም ወላጆቻችሁን በአማርኛ ጠይቁ፤ መልሳቸውንም በሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ።