«ልቡ አልታየም» ሲባል

ከጀማ ሸለቆ ወጥታ ዓለም ከተማ፣ እናት ሆስፒታል የደረሰች እህታችን በአልትራሳውንድ «የፅንሱ የልብ ምት አልታየም» ብትባል ምን ታድርግ? ከማልቀስ በፊት «ፅንሱ ስንት ሚሊ ሜትር ነው?» ብላ ትጠይቅ እንላለን።

በሴት ብልት በኩል በሚደረገው የአልትራሳውንድ ምርመራ 7 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሆኖ ምት ከሌለው እርግዝናው ተቋርጧል ይባላል። ካነሰ ግን ፍርድ የለም፤ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደገማል። ቀድሞ መለኪያው 5 ነበር፤ በሕይወት ያለ ፅንስ በስህተት እንዳይጠፋ በ2013 እ.ኤ.አ. ከፍ እንዲል ተደረገ። የወር አበባዋን ቀን በውል ያልያዘች ሴት ደግሞ (በአገራችን ስንቷ ትይዛለች?) ስምንት ሳምንት ያለችው ስድስት ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ሰብርን ሕክምናውም ያዝዛል። ባልም የመንገዱን ርቀት አይቶ ቀጠሮውን አያስቀርባት።

ብርቱ የሆድ ሕመም ወይም ብዙ ደም ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ፅንሱ ከማህፀን ውጭ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ትወሰድ።