ዘይት በሚረጋበት ደጋ

በደቡብ ወሎ ለጋምቦ፣ አቀስታ ላይ ዘይት ይረጋል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ውርጭ፣ በሸማቾች ማኅበር በኩል የመጣው ጀሪካን ጠዋት ሲታይ እንደ ቅቤ ነጥቶ ተጋግሮ ያድራል። ባለቤቱ ወይ ፀሐይ ላይ ያወጣዋል፣ ወይ ምድጃ ዳር ያስጠጋዋል። አዳማ ወይም ሰመራ ላይ ያው ዘይት ውኃ መስሎ ስለሚቀዳ ማንም ልብ አይለውም። የለጋምቦ ብርድ ግን ለነዋሪው ያለ ክፍያ ምርመራ ያደርግለታል። የሚረጋው የፓልም ዘይት ነው፤ ግማሽ ያህሉ በቅቤና በሞራ ውስጥ ያለው ዓይነት የሚረጋ ስብ ነው። የኑግና የሱፍ ዘይት በዚያው ብርድ ሲፈስ ይታያል።

«ጀሪካን ውስጥ እንደረጋው ደም ሥሬ ውስጥም ይረጋል» የሚል ሰው አይጠፋም። ስሌቱ ስሕተት ነው፤ የሰው ገላ ሙቀት 37 ዲግሪ ስለሆነ ዘይቱ እዚያ ሲደርስ ይቀልጣል። ስጋቱ ግን ከንቱ አይደለም። የሚረጋ ስብ ሲበዛ ጉበት መጥፎውን ኮሌስትሮል ከደም መልቀሙን ይቀንሳል፤ የተረፈውም ዓመት ቆጥሮ በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ይከማቻል።

ስለ ልብ ጤና በየሬዲዮው የሚነገረው ምክር ግን ከጥቂት ትእዛዞች ብዙም አያልፍም። ሩጥ፣ ስብ ቀንስ፣ ሲጋራ አቁም፣ አትጨነቅ ይባላል። ምክሩ እውነት ነው፤ ሆኖም ቀኑን ወንበር ላይ ለሚውልና በመኪና ለሚመላለስ ሰው ልክ የተሰፋ ነው። ከአምባ ፈሪት ተራራ ግርጌ ጎሕ ሳይቀድ ተነስቶ፣ ገብሱን በአህያ ጭኖ፣ ዳገት ቁልቁለቱን በእግሩ ጨርሶ ገበያ ለሚደርስ ገበሬ «ስፖርት ሥራ» ማለት ቀልድ ነው። የአቀስታና የመካነ ሰላም ደጋ ለልብ የሚሆነውን ልማድ አብዛኛውን ይዞታል፤ አሁን ከተማው ሲሰፋ አንድ በአንድ እየጣለው ያለውም ይህንኑ ነው። ልቡን የሚጎዱት ነገሮች ደግሞ ሬዲዮው ብዙም የማያነሳቸው ናቸው፦ ጨው፣ ያልታከመ ጉሮሮና የወጥ ቤት ጪስ።

መጀመሪያ ያለውን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1953 ጄሪ ሞሪስ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ላይ የሚሠሩ ሰዎችን አነጻጸረ። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል፤ ትኬት ቆራጩ ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። መሥሪያ ቤታቸው አንድ፣ ኑሯቸውም ተቀራራቢ ነው። የልብ በሽታ ግን ሾፌሮቹን ከትኬት ቆራጮቹ በብዙ ይበልጥ ይጥል ነበር። ዛሬ በአቀስታ አስፋልት ላይ ባጃጅ የሚነዳው ወጣት የለንደኑ ሾፌር ወንድም ነው፤ አባቱ ትኬት ቆራጩ ነበር። ልጁ ባጃጅ በመግዛቱ የሚወቀስበት ምክንያት የለም፣ እንጀራው ነው። ከአባቱ ቤት ግን ዳገቱን ሳይወርስ ወጥቷል።

ስለ ከፍታውም አንድ ነገር ማንሳት ይገባል። በ3,000 ሜትር ላይ የሚሳበው ኦክስጅን ከባሕር ወለሉ በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ይህን ለማካካስ ደማቸው ይወፍራል፤ ቀይ የደም ሴል ይበዛል፣ ልብም ወፍራሙን ደም ለመግፋት ይለፋል። እ.ኤ.አ. በ2002 ተመራማሪዋ ሲንቲያ ቢዎልና ባልደረቦቿ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮችን መርምረው ያሳተሙት ውጤት ግን ብዙዎችን አስገርሟል፤ የደጋው ሰው ሄሞግሎቢን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚኖር ሰው ብዙም አይለይም፣ የደሙ ኦክስጅንም አልጎደለም። ጥናቱ የተሠራው ሰሜን ተራሮች ላይ እንጂ ወሎ ውስጥ አይደለም። ቢሆንም አየሩ ሳሳ ተብሎ የደጋ ሰው ልብ ሁሉ የተጎዳ ነው ብሎ መነሳት እንደማይቻል ያሳያል።

ከዚያ ገብሱ አለ። የደጋ ሰው ገብስን የእህል ንጉሥ ሲለው ስለ ኮሌስትሮል አስቦ አልነበረም። ገብስ ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባል የሚሟሟ አሰር አለ፤ ውኃ ሲያገኝ እንደ ተልባ ይዝለገለጋል። አንጀት ውስጥ የሐሞትን አሲድ ይዞ ያስወጣል። ጉበትም የጎደለበትን ሐሞት ለመተካት ከደም ውስጥ ኮሌስትሮል ይወስዳል፣ የደሙ ኮሌስትሮል ይወርዳል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2006 የገብስ ምግብ ሻጮች «ለልብ ይረዳል» ብለው እንዲጽፉ ፈቅዷል፤ መለኪያውም በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን ነው። ቁርሱ በሶ፣ ምሳው የገብስ እንጀራ፣ የመንገድ ስንቁ ጭብጦ ለሆነ ሰው ይህ መጠን ሩቅ አይደለም። በሌላው ዓለም በማሸጊያ ተሸልሞ በውድ የሚሸጠው ነገር እዚህ አቁማዳ ውስጥ ነው ያለው። ይሁንና ከተማ የገባው ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያፍርበት ምግብ በሶ ነው። ለእንግዳ የሚቀርበው የፉርኖ ዱቄት ዳቦ፣ ፓስታና ሩዝ ሆኗል፤ ሻዩም ሦስት ማንኪያ ስኳር ይገባበታል። ባቄላውም ከንፍሮነት ወጥቶ ገበያ ይሄዳል፣ በምትኩ ዘይት ይገዛበታል።

እስካሁን የተባለው ደጋው ስላለው ነገር ነው። የሚጎዳው ከጨው ይጀምራል።

በአማርኛ «ደም ብዛት» የሚባለው በሽታ ስሙ ብዙ አሳስቷል። ደሙ የበዛ የሚመስለው ሰው ዋግምት ይፈልጋል፤ ደሙ ቀነሰ ብሎ ሲያስብም መድኃኒቱን ይተወዋል። ሐኪሞች ስሙን ለማስቀየር «ደም ግፊት» እያሉ ዓመታት ደክመዋል። ነገሩን ጠጋ ብሎ ለሚያይ ግን የድሮው ስም በአንድ በኩል እውነት አለው። ጨው ውኃ ይይዛል፤ ጨው የበዛበት ሰው ደም ሥሩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይጨምራል፣ ግፊቱም አብሮ ይወጣል። ስሙን ያወጡት ሰዎች ይህን አያውቁም ነበር፣ ግን ብዙ አልሳቱም።

ጨው በወሎ ደጋ ዋጋ የነበረው ነገር ነው። ከአፋር ቆላ በግመል የሚወጣው አሞሌ ለዘመናት ገንዘብም ነበር። በገጠሩ ቡና ዛሬም በጨው ይጠጣል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ሦስት ጊዜ፣ በቀንም ሁለት ሦስት ዙር። በርበሬው ሲደለዝ ጨው ይገባበታል፣ ሽሮው ሲፈጭ ይገባበታል፣ ወጡ ሲሠራ ደግሞ እንደ አዲስ ይጨመርበታል። እ.ኤ.አ. በ2015 የተካሄደው ሀገር አቀፍ ጥናት የኢትዮጵያዊ አዋቂ የቀን ጨው በአማካይ 8 ግራም ያህል መሆኑን አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም እንዳይበልጥ ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። በዚያው ጥናት ከ100 ሰው 16ቱ ገደማ የደም ግፊት ነበረበት፣ አብዛኛው ሰው ደግሞ ከዚያ በፊት ግፊቱን ተለክቶ አያውቅም።

በቻይና 600 የገጠር መንደሮች ውስጥ ወደ 21,000 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። ለግማሾቹ መንደሮች ሩብ ያህሉ በፖታስየም የተተካ ጨው ተሰጣቸው። ምግባቸውንም በዚሁ ጨው አበሰሉ። የስትሮክ ብዛት በ14 በመቶ ቀነሰ። ኩላሊቱ ለታመመ ሰው ይህ ጨው አደገኛ ስለሆነ በጭፍን የሚወሰድ አይደለም። ሆኖም ኢትዮጵያ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲገባበት እ.ኤ.አ. በ2011 በደንብ ወስና እንቅርትን ለመከላከል የተነሳች ሀገር ናት፤ ጨውን ከምንጩ ማስተካከል እንግዳ ነገር አይሆንባትም። እስከዚያው ድረስ ቀላሉ የቡናው ጨው ነው። ከሦስቱ ስኒ አንዱን እንኳ ያለ ጨው መጠጣት የሚያስከፍለው የጎረቤት ሐሜት ብቻ ነው።

ግፊቱን ማን ቀድሞ ይለካ ቢባል በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ወቅት የተወለዱት ናቸው። ኔዘርላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 ክረምት ናዚዎች ምግብ በከለከሉበት ወቅት በማኅፀን የነበሩ ልጆች አድገው ሲመረመሩ፣ ረሀቡ በእርግዝናው መጀመሪያ ያገኛቸው ላይ የልብ በሽታ በዝቶ ተገኝቷል። በማኅፀን የተራበ አካል ጥቂቱን ቆጥቦ መኖርን ይለምዳል፤ በኋላ ዘይትና ስኳር ሲመጣበት አይችለውም። በሰሜን ወሎ ራያ ቆቦም ተመራማሪዎች ከ77ቱ ረሀብ የተረፉትን ይዘው ይህንኑ ጥያቄ አንስተዋል። በልግ በቀረ ቁጥር የሚራበው የለጋምቦ ሰው ይህን ታሪክ በአካሉ ይዞታል። ያኔ የተወለደው ልጅ ዛሬ ከ40 ዓመት በላይ ነው፤ ከ140 በ90 በላይ የሆነ ግፊት ይዞ ምንም ሳይሰማው እርሻ ላይ ይውል ይሆናል። ግፊት ደግሞ ምልክት አይሰጥም። ራሴን አላመመኝም ብሎ መድኃኒት የሚያቆም ሰው ሞቆት ነበርና ጋቢውን ጥሎ ብርዳሙ ጉጉፍቱ ላይ የመሸበትን መንገደኛ ይመስላል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የጉሮሮው ነገር ነው፤ የሚይዘው ልጆችን ነውና። ብርድ በበዛበት፣ ሰባት ስምንት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ተጠጋግቶ በሚያድርበት ቤት አንዱ ልጅ ጉሮሮው ሲቆስል ሌሎቹም ይከተላሉ። ብዙው በራሱ ይድናል። አንዳንዱ ግን ስትሬፕቶኮከስ በሚባል ባክቴሪያ የሚመጣ ነው፤ ሰውነት ባክቴሪያውን ለመውጋት ያዘጋጀው ጦር ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያና የልብ ቫልቭ ይወጋል። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ የልጁ ጉልበት ያብጣል፣ ይድንና ክርኑ ያብጣል። ቤተሰቡ «ቁርጥማት ነው» ይላል፣ ቅቤ ይቀባል። ጉሮሮውን ደግሞ እንጥል ነው ተብሎ ያስቆረጠ አለ። ጉልበቱ ያለ ምንም ጠባሳ ይድናል፤ ቫልቩ ግን ጠባሳውን ይዞ ይቀራል። ልጅቷ አድጋ፣ አግብታ፣ ስታረግዝ ልቧ የሁለት ሰው ደም መግፋት ያቅተውና ትንፋሽ ያጥራታል።

ኢትዮጵያን ጨምሮ በ14 ሀገሮች 3,343 የዚህ የልብ ቫልቭ በሽታ ሕሙማንን የመዘገበው ጥናት የሕሙማኑ መካከለኛ ዕድሜ 28 ዓመት መሆኑን አግኝቷል፤ ከሦስቱ ሁለቱ ሴቶች ናቸው። የልብ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የኢትዮጵያ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከልን ሲመሠርቱ፣ በ2009ም በጥቁር አንበሳ ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከል ሲከፈት፣ ከገጠር እየመጡ ወረፋ ከያዙት ብዙዎቹ ይህ በሽታ ያለባቸው ልጆች ነበሩ። የቫልቭ ቀዶ ሕክምና ከአቀስታ ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ፣ ከዚያም የዓመታት ጥበቃ ነው። ጉሮሮው በቆሰለ ሰሞን የሚሰጠው ፔኒሲሊን ግን ጤና ጣቢያ ይገኛል። አንዴ የታመመ ልጅም በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ መርፌውን ሳያቋርጥ ቢወስድ ቫልቩ ይበልጥ እንዳይበላሽ ይጠበቃል። በዚህ ደጋ ለልብ ከሚደረገው ሁሉ ይህን የሚያህል በርካሽ የሚገኝ ነገር የለም፤ ትኩሳት ያለው፣ መዋጥ ያቃተውን ልጅ ይዞ ጤና ጣቢያ መሄድ ብቻ ነው።

ልማድ በምክር አይለወጥም የሚል ሰው ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1972 የፊንላንድ ምሥራቃዊ አውራጃ ሰሜን ካሬሊያ የዓለም የልብ ሕሙማን መናኸሪያ ነበረች። ሕዝቡ ላም አርቢ ነው፤ ዳቦው ቅቤ ይለቀለቃል፣ ምግቡ ጨው ይበዛበታል፣ ወንዱ ያጨሳል። ፔካ ፑስካ የተባለ ወጣት ሐኪም ሆስፒታል ተቀምጦ አልጠበቃቸውም፤ የመንደር ሴቶችን ማኅበር ይዞ ወጥ አሠራሩን አስለወጠ፣ ቋሊማ ፋብሪካው ስብና ጨው እንዲቀንስ አግባባ፣ ወተት የሚሸጡ ገበሬዎች ወደ እንጆሪ እርሻ እንዲሸጋገሩ ረዳ። በ40 ዓመት ውስጥ በሥራ ዕድሜ ላይ ባሉ ወንዶች ላይ ከልብ በሽታ የሚመጣው ሞት ከ80 በመቶ በላይ ቀነሰ። በለጋምቦ እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሸከም ነገር አለ፤ ጤና ኬላው፣ እድሩ፣ ቅሬው፣ የቡናው ስብስብ።

ሦስተኛው ጎጂ፣ የወጥ ቤቱ ጪስ፣ ግን ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው በቤት ውስጥ ጪስ ምክንያት እንደሞተ ይገምታል፤ ከግማሽ የሚበልጠው በልብ በሽታና በስትሮክ ነው። የኩበት ጪስ ሳንባን ብቻ አይጎዳም። ደቃቁ ብናኝ ወደ ደም ያልፋል፣ የደም ሥሩን ግድግዳ ያስቆጣል፣ ደም እንዲጓጉል ያደርጋል፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱም ድሮም የሳሳውን ኦክስጅን ይሻማል። ሲጋራ በአፏ ነክታ የማታውቅ ሴት ምጣድ ፊት ተቀምጣ እንደ አጫሽ ታረጃለች፣ ጀርባዋ ላይ ያለው ሕፃንም አብሯት ይስባል።

እሳቱን የሚከድነውና ማገዶን በግማሽ ገደማ የሚቀንሰው ምርጥ ምድጃ ከ30 ዓመት በፊት ወጥቷል። ብዙ ቦታ ተወዷል። በደጋው ግን አንድ ቅሬታ ይሰማበታል፤ እሳቱን ስለሚከድን ቤቱን አያሞቅም። ውርጭ በሚያድርበት አገር እሳት ማለት እንጀራ መጋገሪያ ብቻ አይደለም፣ ብርድ ልብስም ነው። የጣራው ቀዳዳ ቢከፈት ጪሱ ይወጣል፣ ብርዱ ይገባል፤ ቢዘጋ ልጆቹ ሞቋቸው ይተኛሉ፣ ጪሱን እየሳቡ። የጪስ መውጫ ቱቦ ያለው፣ ጎኑ ግን ሙቀት የሚሰጥ ምድጃ የሚሠራ ባለሙያ ለዚህ ደጋ ከብዙ የጤና መግለጫ ይበልጥ ይጠቅማል። እስኪሠራ ድረስ እናትየዋ ማታ ላይ ቀዳዳውን ትከፍታለች፣ ሌሊቱ ሲበርድ መልሳ ትደፍነዋለች።