አድማውንማ የመታው ጠመንጃ ነው

አምስት ኪሎ አካባቢ ባሉት ቡና ቤቶች ያልተፈታ የአገር ጉዳይ የለም። ጠረጴዛው ላይ ማለቴ ነው። ባለፈው ሰሞን ግን አንድ ጉዳይ አልፈታ ብሎን ሦስት ሰዎች ተኮራርፈን ልንለያይ ምንም አልቀረንም። አንዱ እኔ ነኝ። ሁለተኛው ዕድሜ ልካቸውን ሂሳብ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ እኔም ሰፈሩም «ጋሼ» የምንላቸው ሰው ናቸው። ሦስተኛው ከጎጃም፣ ከአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ተነሥቶ አዲስ አበባ የገባ ወጣት መምህር ነው። አሁን የሰው ልጆች ቤት ለቤት እያስጠና ይኖራል። ስሙንም ትምህርት ቤቱንም አልጠራም፤ እዚያ የቀሩ ቤተሰቦች አሉት።

ነገሩን የጫረው እሱ ነው። «አሜሪካን አገር መምህራን የጦር መሣሪያ ሕግ ይጥበቅልን ብለው አድማ ይምቱ አይምቱ እየተባለ ይከራከራሉ አሉ። እኛስ?» አለ።

ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀመጡና «እናንተ? እናንተ ደሞዛችሁ ሲቀር እንኳ መቼ ጮኻችሁ!» አሉት።

«ጮኸናል እንጂ ጋሼ! የሰማን የለም።»

እውነቱን ነው። በ2016 ዓ.ም. በወላይታ ደሞዝ ያልተከፈላቸው መምህራን ሥራ አቁመው ነበር። አዲስ አበባ ስንቱ ሰማ? ስንቱስ ሰምቶ ቻናል ቀየረ?

ቤቴ ገብቼ ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገርና የሚሰድበኝ ሰው ቶሎ ይጀምር፦ መምህራን አድማ መምታት አለባቸው እላለሁ። ነገር ግን «የጠመንጃ ሕግ ይጥበቅ» በሚል አይሁን። አድማውን የሚመታውም የጎጃሙ ወዳጄ ሳይሆን የአዲስ አበባው መምህር ይሁን።

በሕጉ ልጀምር። እኛ አገር የሕግ እጥረት የለም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 በ2012 ዓ.ም. ወጥቷል። ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ፣ መሸጥ፣ ማዘዋወር ወንጀል ነው ይላል። ጥሩ ነው። አዋጁ ከወጣ ዓመት ሳይሞላው በጥቅምት 2013 የሰሜኑ ጦርነት ጀመረ፤ በዚያው ዓመት መቀሌ ያለው የአፄ ዮሐንስ ትምህርት ቤት ለወራት የወታደር ማረፊያ ሆነ። ፈቃድ የሌለው ጠመንጃ ይዞ የገባ ሽፍታ አልነበረም የገባበት፤ የመንግሥት ጦር ነው። ታዲያ የትኛው አንቀጽ ቢጠብቅ ነበር ያ ትምህርት ቤት የሚድነው?

ደግሞ ሌላም አለ። አንድ ገበሬ በሬውን ሸጦ ክላሽ ሲገዛ እኛ ከተሜዎቹ «ባህሉ ነው፣ ለፉከራ ነው» እንላለን። አዎ፣ ፉከራም አለበት። የዲሞትፈርና የምንሽር ፍቅር ከአያት የወረደ ነው። ግን ገበሬውን ቁጭ ብለህ ብትጠይቀው የሚነግርህ ሌላ ነው፤ ሌሊት በሩ ሲንኳኳ የሚደርስለት ፖሊስ የለም። እሱን ሰው «ሕጉ ይጥበቅብህ» ስትለው የሚሰማው «አንተ ፍታ፣ ጎረቤትህ ይታጠቅ» የሚል ነው። በ2015 የክልል ልዩ ኃይሎች ይፍረሱ የተባለ ጊዜ የሆነውን አይተናል። ትጥቅ የምትለዋ ቃል አማራ ክልል ውስጥ ምን ያህል ደም እንዳለባት ከዚያ ወዲህ የማያውቅ የለም። መምህሩ ይህችን ቃል መፈክሩ ላይ ከጻፈ፣ ጽፎ ሳይጨርስ ከአንዱ ወገን ተመድቧል። አድማው እዚያው ሞተ ማለት ነው።

ፈረንጆቹ ዘንድ ነገሩ ቀለል ይላል። ለሟቾቹ ቀለለ ማለቴ አይደለም፣ ለሕግ አውጪው ነው። በስኮትላንድ ደንብሌን በሚባል ከተማ በ1996 እ.ኤ.አ. አንድ ሰውዬ ትምህርት ቤት ገብቶ 16 ሕፃናትንና መምህርታቸውን ገደለ። ወላጆች ፊርማ አሰባሰቡ፣ አገር ተነሣ፣ በዓመቱ ብሪታንያ ሽጉጥ በግለሰብ እጅ እንዳይገኝ ከለከለች። አሜሪካኖቹ ገና ይህን ያህል አልተሳካላቸውም። በ2018 እ.ኤ.አ. ፍሎሪዳ ውስጥ 17 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ ተማሪዎች በመላ አገሪቱ ለ17 ደቂቃ ከክፍል ወጡ። በዚያው ዓመት የኦባማ የትምህርት ሚኒስትር የነበሩት አርን ደንከን ሕጉ እስኪለወጥ ወላጆች ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት ያስቀሩ የሚለውን ሐሳብ ደገፉ። ሚኒስትር የነበረ ሰው! እነሱ ዘንድ ትምህርት ቤት የሚገባው ጠመንጃ የአንድ የታመመ ሰው ጠመንጃ ነው። እኛ ዘንድ ጠመንጃው አዛዥ አለው፣ ቃል አቀባይ አለው፣ መግለጫም ያወጣል።

ስለዚህ ጥያቄው ከሕጉ ያነሰ፣ ከሕጉ ይልቅ ግን የከበደ መሆን አለበት፦ ጠመንጃ የያዘ ሰው፣ የማንም ይሁን የማን፣ የትምህርት ቤት በር አይለፍ። መከላከያም፣ ሚሊሻም፣ ፋኖም፣ ሌላውም። ክፍሉን መኝታ አያድርግ፤ አስተማሪውን «የማን ነህ?» አይበል፤ ትምህርት ጀመርክ ወይም አልጀመርክም ብሎ አይቅጣ። በቃ። ገበሬው ክላሹን ቤቱ ይስቀል፤ የሱ ነገር ሌላ ቀን፣ አገር ሲረጋጋ ይታያል።

ይሄ ጥያቄ ለአምስት ኪሎ እንግዳ አይደለም። በታኅሣሥ 1962 የተማሪዎቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተተኩሶበት ሞተ፤ በማግስቱ አስከሬኑን ይዘው በተሰበሰቡት ላይ ስድስት ኪሎ ግቢ ድረስ ገብቶ የተኮሰው የክብር ዘበኛ ነበር። ሚያዝያ 1993 ላይ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ትምህርት አቆሙ። ማኅበራችንና ጋዜጣችን ይመለስልን አሉ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የታጠቀ ፖሊስ ከግቢያችን ይውጣ አሉ። ልብ በሉ፤ ያ የመሣሪያ አድማ ነው። መልሱ በዱላና በጥይት መጣ፤ ሁከቱ ከተማውን አዳረሰ፤ ከሠላሳ የማያንሱ ሰዎች ሞቱ። እኔ ያን ሰሞን እዚሁ ነበርኩ። ከቅድስት ማርያም እስከ ሙዚየሙ ያለው መንገድ በድንጋይ ተሸፍኖ፣ ዓይን የሚያቃጥለው ጭስ ቤት ድረስ ገብቶ ነበር። ስለ አካዳሚ ነፃነት ለተማሪዎቹ ንግግር ያደረጉት ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያምና ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ተማሪ አነሣሥታችኋል ተብለው ታሰሩ። (ዶክተር ብርሃኑ ከሃያ ዓመት በኋላ የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። ታሪክ ሲቀልድ እንዲህ ነው።)

ያኔ ተማሪው ብቻውን ነበር። እኔን እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ እሱ ነው። በየትምህርት ቤቱ ያለነው ትልልቆቹ ሰዎች ያን ቀን ብንወጣ ኖሮ ይተኮስ ነበር? ምናልባት ይተኮስ ነበር። ግን አልወጣንም።

አሁን ወደ ጋሼ ልመለስ። ጋሼ የዋዛ ተከራካሪ አይደሉም። በ1966 መምህር ነበሩ። የካቲት 11 ቀን የመምህራን ማኅበር «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ፖሊሲ ይቅር፣ ደሞዝም ይስተካከል ብሎ አድማ ሲመታ ጠመኔያቸውን አስቀምጠው ከወጡት አንዱ ናቸው። መንግሥት ፖሊሲውን በቀናት ውስጥ ተወው። «አሸነፍን» አሉኝ። «አሸንፈን ማንን አመጣን? ወታደሩን! እኔ ያስተማርኳቸው ልጆች በቀይ ሽብር አስፋልት ላይ ተጣሉ። እኛ አድማ መታን፣ ጠመንጃ ወረሰን። አሁን ደግሞ አንተ በጠመንጃ ላይ አድማ ምቱ ትላለህ?»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ተለወጠ። እኔም ለጊዜው የምመልሰው አጣሁ።

አሁን ግን አለኝ። ጋሼ፣ ደርግን ያመጣው የእናንተ አድማ አይደለም። አድማችሁ ጥያቄ ነበረው፣ መልስ አገኘ። ከዚያ በኋላ ጠመንጃ የያዘው ሁሉንም ጥያቄ ጠቅልሎ ወሰደ፤ መምህሩም ተማሪውም ዝም አለ። ዝም ካልን ደግሞ ይኸው ስንት ዓመታችን። በዝምታ የዳነ መምህር ካለ ይንገሩኝ። አሰፋ ማሩን ያስታውሷቸዋል፤ የመምህራን ማኅበር መሪ፣ የሰብአዊ መብቶች ጉባኤ የሥራ አስፈጻሚ አባል። ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄዱ መንገድ ላይ ፖሊስ ተኩሶ ገደላቸው። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ዶክተር ታዬ ወልደሰማያት እስር ቤት ነበሩ፤ የወጡት በ1994 ነው። ያን ጊዜ ስንት ክፍል ባዶ ዋለ? ደወሉ ተደወለ፣ ገባን፣ አስተማርን።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሕግ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ሥራ የማቆም መብትን ያውቃል፤ ከመንግሥት ሠራተኛ መካከል ይህ መብት የትኛውን እንደሚመለከት ግን ለዝርዝር ሕግ ትቶታል። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ሥራ ሲያቆሙ በርካቶቹ ታስረዋል። መምህሩም ሊታሰር ይችላል። ይሄን አልሸሽግም፤ ከቡና ቤት ሆኖ ሌላውን «ግባበት» ማለት ቀላል እንደሆነም አውቃለሁ። የአንድ ትምህርት ቤት መምህራን ብቻቸውን ከወጡ ይታሰራሉ። የከተማው መምህር በሙሉ በአንድ ቀን ከወጣ ግን የትኛው ጣቢያ ይበቃዋል?

ሦስተኛው ተቃውሞ ነው ዋናው። «ልጆቹስ ምን አደረጉ?» ይላሉ ወላጆች። እኔም ወላጅ ነኝ። አንድ ቀን ትምህርት መቅረቱ ያሳስበኛል።

እስቲ እንቁጠር። የአማራ ክልል ትምህርት ቢሮ ራሱ በ2017 ዓ.ም. ከአራት ሚሊዮን የሚበልጡ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸውን ተናግሯል። ብዙዎቹ ደብተር ካስቀመጡ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ነው። መምህራን ተገድለዋል፣ ታግተዋል፤ አንዱ ወገን «ለምን አስተማርክ» ሲል ሌላው «ለምን አላስተማርክም» ይላል። አንድ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ካቋረጠ ሁለት ዓመት ቆይቶ የሚመለሰው ወደ አራተኛ ክፍል አይደለም፤ ወደ እርሻ ነው። ሴቷ ደግሞ ወደ ባል ቤት። እነሱ ላይ አድማውን የመታው ማነው? ማን ፈቀደለት? የትኛው አንቀጽ 42 ተጠቀሰ? ማካካሻውስ መቼ ነው?

ወዳጄ የነገረኝን ልጨምር። እሱ ያስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤት በይፋ አልተዘጋም። ማንም «ዝጉ» የሚል ደብዳቤ አልጻፈም። መጀመሪያ የታጠቁ ሰዎች መጥተው ሁለት ክፍል ያዙ። ሌላ ጊዜ ሌሎቹ መጡና «እነዚያን አስተናግዳችኋል» አሉ። ርዕሰ መምህሩ አንድ ሌሊት ጠፋ። ወላጆች ልጆቻቸውን መላክ ተዉ። መምህራኑ ደሞዝ ቢመጣ ብለው ሁለት ወር ቆዩ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ተበተኑ። «እኔ አድማ ምታ ብትለኝ በምን ልምታ?» አለኝ። «የማቆመው ሥራ የለኝም እኮ።»

ክርክራችንን የቋጨው ይህ ቃሉ ነው፣ ለእኔ። ሥራ ማቆም የሚችለው ሥራ ያለው ሰው ብቻ ነው። የተዘጋ ትምህርት ቤት መምህር አድማ መምታት አይችልም፤ ቢናገር ማታ በሩን የሚያንኳኳ አለ። የአዲስ አበባው መምህር ግን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደወል ይሰማል፣ ጋዋኑን ይለብሳል፣ ይገባል። ለዚህ ነው ጥያቄው የሱ የሚሆነው። የትምህርት ሚኒስቴር ያለው አራት ኪሎ ነው፤ ፓርላማውም እዚያው ነው፤ ከአምስት ኪሎ ቁልቁል በእግር ቢኬድ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። የመምህራን ማኅበሩም በ1941 ዓ.ም. የተመሠረተው ከዚህ ብዙም በማይርቀው በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ነው። ደባርቅ ላይ የተዘጋ ክፍል እዚህ ካልተሰማ የት ይሰማል?

አድማው አንድ ቀን ይሁን። ከሁለት ሳምንት በፊት ለወላጅ ይነገር። መምህሩ ቤቱ አይተኛ፤ ጋዋኑን ለብሶ ግቢው ውስጥ ይቀመጥ። ሰልፍ የለም፣ ድንጋይ የለም፣ የፓርቲ ስም የለም፣ ባንዲራም ላይ አንጣላም። ወረቀቱ ላይ ያች አንድ መስመር ብቻ ትጻፍ፤ ለመንግሥትም ለታጣቂውም እኩል ትላክ። ያ ቀን የባከነበት ተማሪ በሚቀጥለው ቅዳሜ ማካካሻ ይግባ። ማኅበሩ «ይሄ የእኛ ሥራ አይደለም» የሚል ከሆነ ደግሞ በግልጽ ይናገርና እንወቀው።

ትናንት ይህን ጽሑፍ ለጋሼ አነበብኩላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። «አልተስማማሁም» አሉ። ቡናቸውን ጨርሰው ከተነሡ በኋላ ዞር ብለው «ያ የቅዳሜው ማካካሻ ግን... ሂሳብ የሚያስገባ ሰው ካጣችሁ ደውልልኝ» አሉኝ።