ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ

ባለፈው ዓመት ነሐሴ ውስጥ፣ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርደው ባደረ ማግሥት፣ በጅማ ከተማ በቾ ቦሬ በሚገኘው ጓሮዬ ሁለት ግልገሎች ሞተው አገኘሁ፡፡ መንታ ነበሩ፡፡ እናታቸው ከአጠገባቸው ቆማ ትልሳቸዋለች፡፡ ግቷ በእንገር ተወጥሯል፤ አንዳቸውም ግን አልጠቡም፡፡ የገደላቸው በሽታ አልነበረም፡፡ እርጥብ መሬት፣ ብርድና ባዶ ሆድ ነው፡፡ ከዚያ በላይ ደግሞ የእኔ ቸልተኝነት ነው፡፡ ስለ ሕግና ስለ ፖሊሲ ስጽፍ የኖርኩ ሰው፣ ያሉኝ ሰባት ፍየሎች መቼ እንደሚወልዱ አላውቅም ነበር፡፡

ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን በሦስት ፍየሎች የምታስተምር ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል አይታኝ፣ «ጋሼ፣ ወጠጤውን ዓመቱን ሙሉ ከሴቶቹ ጋር ለቀው ምን ይጠብቃሉ? ልደቱን ክረምት ላይ የጣሉት እርስዎ ነዎት» አለችኝ፡፡ መልስ አልነበረኝም፡፡

ውድ አንባቢ፣ «የፖለቲካ ጸሐፊ ስለ ፍየል ወሊድ ምን አገባው?» ትል ይሆናል፡፡ ነገሩ ግን የአንድ ጓሮ ጉዳይ አይደለም፡፡ የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ የ2013 ዓ.ም. የናሙና ጥናት በአገራችን 52.5 ሚሊዮን ያህል ፍየሎች እንዳሉ ይገልጻል፡፡ አብዛኞቹም ያሉት በትላልቅ እርባታ ድርጅቶች እጅ ሳይሆን በአርሶ አደሩና በአርብቶ አደሩ ደጃፍ ነው፡፡ እንደ ጅማ ባለ የቡና አገር ደግሞ ፍየል የተለየ ቦታ አላት፡፡ ቡና ገንዘብ የሚያመጣው በዓመት አንዴ ነው፡፡ ለቀማው ካለፈ በኋላ የመጣው ብር በክረምት ተሟጦ ያልቃል፡፡ የደብተርና የዩኒፎርም ወጪ የሚመጣውም በዚያው ሰሞን ነው፡፡ በዚህ ክፍተት ተጎትታ ገበያ የምትወጣው ፍየል ናት፡፡ ስለዚህ አንድ ግልገል ሲሞት የጠፋው ሥጋና ወተት ብቻ አይደለም፤ የአንድ ልጅ የትምህርት ዘመንም አብሮ ሊጠፋ ይችላል፡፡

እንግዲህ የተማርኩት ሕግ ነውና፣ ፍየል በሕጋችን ውስጥ መቼ መቼ እንደምትታወቅ ፈተሽኩ፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2071 ጀምሮ እንስሳ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል፤ እንስሳው ድንገት ከእጁ ያመለጠ ቢሆን እንኳ፡፡ ፍየሌ የጎረቤቴን የቡና ችግኝ ብትቀረጥፍ፣ ሕጉ በሚገባ ያውቃታል ማለት ነው፡፡ የእንስሳት በሽታን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 267/1994 ስትታመም ያውቃታል፡፡ የቁም እንስሳት ግብይት አዋጅ ቁጥር 819/2006 ደግሞ ገበያ ስትወጣ ያውቃታል፡፡ አጥር ስትዘል፣ ስትታመምና ስትሸጥ መንግሥት አጠገቧ አለ፡፡ ስትወልድ ግን ብቻዋን ናት፡፡

ለወሊድ አዋጅ ይውጣ ማለቴ አይደለም፤ አዋጅ አላነሰንም፡፡ የምለው፣ ትኩረታችን የት እንዳለ ሕጎቻችን ይመሰክራሉ ነው፡፡ ፕሮግራሞቻችንም ከዚሁ ብዙ አይርቁም፡፡ ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ አንግሎ ኑቢያን የተባለውን ዝርያ ከአገራችን ፍየሎች ጋር ሲያዳቅል ነበር፡፡ ከ2005 እስከ 2011 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ዕርዳታ የተካሄደው የበግና ፍየል ምርታማነት ማሻሻያ ፕሮግራምም ቦር የተባሉትን ፍየሎች ከደቡብ አፍሪካ አስመጣ፡፡ በቢሾፍቱና በሞጆ ያሉት ቄራዎች የፍየል ሥጋ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ይልካሉ፤ ስለ ዶላሩም ብዙ ይነገራል፡፡ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው «የሌማት ትሩፋት» ሲነሳ ደግሞ ጎልተው የሚጠሩት የላም ወተት፣ ዶሮ፣ እንቁላልና ማር ናቸው፡፡

ዝርያ ማሻሻልም፣ ሥጋ መላክም ክፉ አይደለም፡፡ ሆኖም ከባሕር ማዶ ደም የተቀላቀለው ግልገልም ቢሆን እንገር ሳይጠባ እርጥብ መሬት ላይ ካደረ እንደ እኔዎቹ መንታዎች ነው የሚሞተው፡፡ በጅማና በከፋ አካባቢ ያለው፣ ባለሙያዎች የከፋ ፍየል የሚሉት ዝርያ የአካባቢውን አየር የለመደ ነው፡፡ ቅድሚያ የሚያስፈልገው ሌላ ደም ሳይሆን ደረቅ መኝታ ነው፡፡ አባቶቻችን «ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው፡፡

ታዲያ ፍየሏ ያለችበት «ወዲህ» ምን ይመስላል? ፍየል የምታረግዘው 150 ቀን ያህል ነው፡፡ ፅንሱ በብዛት የሚያድገው በመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት ስለሆነ፣ እናቲቱ ትንሽ ፉርሽካ ወይም ፋጉሎ፣ ካልሆነም የሰስባንያ ቅጠል ተጨማሪ የምትፈልገው ያኔ ነው፡፡ በዚያ ጊዜ የተራበች እናት ደካማ ግልገል ትወልዳለች፤ ወተቷም ያንሳል፡፡ መውለጃዋ ከመሬት ከፍ ያለ ወይም ደረቅ ሳር የተነጠፈበት፣ ነፋስ የማይገባበት ይሁን፡፡ ግልገሉ በደህና ሲመጣ የፊት እግሮቹና አፍንጫው ይቀድማሉ፡፡ እናቲቱ ግማሽ ሰዓት ያህል በኃይል አምጣ ለውጥ ከሌለ፣ ባለሙያ መፈለግ እንጂ መጎተት አይገባም፡፡ ግልገሉ እንደተወለደ እትብቱ አዮዲን ይነከራል፡፡ ከሁሉም በላይ ደግሞ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ እንገር መጥባት አለበት፤ በሽታ የሚከላከልበትን ኃይል የሚያገኘው ከእንገሩ ነውና፡፡ መንታ ከሆኑ ደካማውን አቅፎ ግት ላይ ማድረስ የባለቤቱ ፋንታ ነው፡፡ የእንግዴ ልጁን በባዶ እጅ መንካት አይገባም፤ የውርጃ በሽታ ወደ ሰው ይተላለፋል፡፡ በዚሁ ምክንያት ወተቱም ተፈልቶ ይጠጣ፡፡

እስቲ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የውጭ ምንዛሪ የሚጠይቀው የትኛው ነው? አንድ ጠርሙስ አዮዲን ካልሆነ በቀር ዕውቀትና ጊዜ ብቻ ነው፡፡ ዕውቀቱን ወደ ጓሮ የሚያደርስ ሰው ግን የለም፡፡ እኔ ባየሁት፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ የሚገኘው በሥራ ሰዓት ነው፤ ፍየል ደግሞ ሰዓት ፈርማ አትወልድም፡፡ ክትባት የሚባለውም ወሬው የሚሰማው ፍየል ማለቅ ከጀመረ በኋላ ነው፡፡

በከተማ ለምንኖረው ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ፡፡ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ለአርብቶ አደሩ የግጦሽ መሬት በነፃ የማግኘት መብት ይሰጣል፡፡ በከተማ ጓሮ ሦስት ፍየል ያሰረችው መበለት ግን አርብቶ አደርም አርሶ አደርም አትባልም፡፡ ከአዲስ አበባ የተነሳው የኮሪደር ልማት ጅማን ጨምሮ ወደ ክልል ከተሞች ተሻግሯል፡፡ ንጹሕ ጎዳና እኔም እወዳለሁ፤ ፍየል አስፋልት ላይ ትንጎራደድ የሚልም የለም፡፡ ነገር ግን ጽዳትን የሚያስከብር ደንብ ሲወጣ፣ በጓሮ ስንት ፍየል፣ በምን ዓይነት በረት፣ ፍጉ የት ተጥሎ እንደሚያዝ አብሮ ቢወሰን ምን ይጎዳል? «አይቻልም» ማለት ለጻፊው ይቀላል፤ ለመበለቷ ግን የልጆቿን የትምህርት ቤት ወጪ መንጠቅ ነው፡፡

መንገዱን አናውቀውም እንዳንል እናውቀዋለን፡፡ ከብት ሲፈጅ የኖረው የደስታ በሽታ በ2011 (እ.ኤ.አ.) ከምድረ ገጽ መጥፋቱ ሲታወጅ ኢትዮጵያ ድርሻ ነበራት፡፡ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአፋር ቆላ፣ መኪና በማይደርስበት፣ ሙቀት በሚቋቋም ክትባት ከብቱን የከተቡት ከዚያው ከአርብቶ አደሩ መሀል ተመርጠው የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው፡፡ ዛሬ ደግሞ ዓለም የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታን እስከ 2030 (እ.ኤ.አ.) ለማጥፋት ተነስቷል፡፡ ክትባቱ እዚሁ ቢሾፍቱ፣ በብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል፡፡ በየቀበሌው ከነዋሪው አንድ ሰው ቢሠለጥን፣ ክትባቱንም ወሊዱንም ሊደርስበት ይችላል፡፡ ክትባቱ ወረርሽኝ ሳይሆን የወሊድ ወቅትን ተከትሎ ቢመጣ፣ አድገው የእናታቸው መከላከያ የሚያልቅባቸውን ግልገሎች በጊዜ ያገኛቸዋል፡፡ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው፡፡ ተማሪዎቹ በወሊድ ወቅት በየሰፈሩ ቢወጡ እነርሱም ይማራሉ፤ እኛም እንማራለን፡፡

እኔ በበኩሌ የጎረቤቴን ምክር ሰማሁ፡፡ ወጠጤውን ለይቼ አቆይቼ ግንቦት 20 ቀን ከሴቶቹ ጋር አገናኘሁት፡፡ መቶ ሃምሳው ቀን ከጳጉሜ ጋር ሲቆጠር ጥቅምት 15 ግድም ይሞላል፤ ዝናቡ ያባራል፣ ቅጠሉም ገና ለምለም ነው፡፡ በረቱን ከመሬት ከፍ አድርጌ በእንጨት ረበረብኩት፡፡ ደረቅ ሳር፣ አዮዲንና ባትሪም በር ሥር ተቀምጠዋል፡፡ ጎረቤቴ መጥታ ዞር ዞር ብላ አየችና፣ «ጋሼ፣ አሁን የቀረው እንቅልፍ ማጣት ነው» አለችኝ፡፡

ለፍየሎቼ እንቅልፍ የማጣው እኔ ነኝ፡፡ ለ52.5 ሚሊዮኑ የሚያጣው ማን እንደሆነ ግን የሚመለከታቸው ይንገሩን፡፡

ቸር እንሰንብት፡፡